ከእሑዱ በኋላ ያለው ሰኞ፦ አንድ እድር አባላቱን ሳይታመሙ ያስመረመረበት ሂደት

ይህ የጉዳይ ጥናት በመሃል አዲስ አበባ፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ ያለ አንድ እድር አባላቱን ለማስመርመር ያደረገውን ጥረት ይመዘግባል። እኔ የእድሩ አባል ነኝ። ታሪካቸው የተነሳ ሰዎች እንዲጻፍ ፈቅደውልኛል፤ የማንንም ስም ግን አልጠቅስም። ሐኪም አይደለሁም። ሕክምናን የሚመለከተውን ክፍል ከዚህ በታች የማነሳቸው ጡረታ የወጡ ነርስ አንብበው አርመውታል። ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ።

ዳራ

እድሩ የቆየ ነው። ነጋዴ አለበት፣ ልብስ ሰፊ አለበት፣ ጡረተኛ አለበት። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ነው። በወር አንድ እሑድ እንሰበሰባለን። መዋጮ ይከፈላል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ወንበርና ድስት ይቆጠራል። ሰው ሲሞት ድንኳን ተክሎ፣ ቀብር አስፈጽሞ፣ ሐዘንተኛን ማስተዛዘን ነው ሥራው።

በአንድ ዓመት ውስጥ ከአባላቱ በርከት ያሉ ሰዎች አረፉ። አብዛኞቹ ገና በሥራ ላይ የነበሩ ናቸው። አንዱ ጠዋት ሱቁን ሊከፍት ሲሄድ ወደቀ፤ ስትሮክ ነው ተባለ። አንዷ ለወራት የኩላሊት እጥበት ስትመላለስ ቆይታ ሞተች። ለእሷ ሕክምና ገንዘብ ለማሰባሰብ ሰፈሩ በሙሉ ተረባርቧል። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ይህን ያውቀዋል። የታማሚ ፎቶ ለጥፎ፣ በድምፅ ማጉያ እርዳታ እየጠየቀ የሚዞር መኪና ያላየ ያለ አይመስለኝም።

ለቅሶ ቤት የሚሰማው ወሬ ደግሞ ተመሳሳይ ነበር። «ምንም አልነበረበትም እኮ! ትናንት አብረን ነበርን።»

በአንዱ ወርሃዊ ስብሰባ አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ። «ለሟች የምናወጣውን ያህል ባይሆን እንኳ ለቋሚው ትንሽ እናውጣ» አሉ። ሐሳቡ ክርክር አስነሳ። የእድር ገንዘብ ለቀብር ነው ያሉ ነበሩ። በመጨረሻ ከመዋጮው ላይ ትንሽ ተቀንሶ የምርመራ ቀን እንዲዘጋጅ ተወሰነ። ከወረዳው ጤና ጣቢያ ጋር የሚነጋገር ኮሚቴም ተመረጠ።

ችግሩ ምን ነበር

ምንም አልነበረበትም የተባለለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ግፊቱን ተለክቶ የማያውቅ ሰው ነው። የደም ግፊት አያምም። ላይኛው ቁጥር 140፣ ወይም ታችኛው 90 ደርሶ ወይም አልፎ፣ በተለያዩ ቀናት ሲለካም እዚያው ከተገኘ ከፍተኛ ይባላል። ሰውየው ግን ይበላል፣ ይሠራል፣ ይስቃል። ግፊቱ በዚህ መሃል የአንጎልን፣ የልብን፣ የኩላሊትንና የዓይንን የደም ሥሮች ይጎዳል። ኩላሊት በተለይ ብዙ ሥራውን አጥቶ እንኳ ምልክት ላያሳይ ይችላል። ሰው እግሩ ሲያብጥ፣ ምግብ ሲያስጠላው ሐኪም ቤት ቢሄድ ጊዜው አልፎ ሊሆን ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከፍተኛ ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ የሚጠጉት ይህን አያውቁም። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረገው ስቴፕስ የተባለው አገር አቀፍ ጥናት (ተላላፊ ላልሆኑ በሽታዎች የሚያጋልጡ ነገሮችን የሚያጠና ነው)፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑ ሰዎች ከመቶ 16 ገደማ የሚሆኑት ከፍተኛ ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። በእኛ ስብሰባ ላይ ከሚቀመጡት መካከል ስንቱ እንደሆነ ማሰብ አይከብድም።

ሰው ለምን አይመረመርም? በሰፈራችን መልሱ ብዙ ነው። ደህና ሆኖ ሐኪም ቤት መሄድ በሽታ መጥራት ነው የሚል አለ። ካርድ ማውጣቱ፣ ተራ መጠበቁ የቀን ገቢውን የሚበላበት አለ። «ካወቅሁት ነው የምሞተው» የሚልም አለ። ይህን የመጨረሻውን እንደ ቀልድ ማለፍ አይገባም። መታከሚያ የሌለው ሰው በሽታውን ማወቅ ቢፈራ አይፈረድበትም።

የመጀመሪያው እሑድ

ኮሚቴው የእድሩን ድንኳን አስተከለ። አላፊ አግዳሚው «ማን አረፈ?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ከጤና ጣቢያው ነርሶች መጡ። ሰዉ ከቅዳሴ ሲወጣ ጎራ አለ። ሴቶቹ ለእንግዳ ክብር ቡና አፈሉ፣ ድፎ ዳቦ ተቆረሰ። የመጣው ሰው ከተጠበቀው በላይ ነበር። በቀኑ መጨረሻ ሁሉም ደስ ብሎት ተበተነ።

ከአባላቱ አንዱ መርካቶ ውስጥ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነው። ዕድሜው 51፣ ለእኔ እኩያዬ ነው። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሮ ይውላል። ሐኪም ቤት የሚያውቀው ሰው ሊጠይቅ ሲሄድ ብቻ ነበር። የመጣውም ጎረቤቱ ጎትቶት ነው። ነርሷ ለካችውና ቁጥሩን ጮክ ብላ ለሚጽፈው ልጅ ነገረችው፤ «178 በ108!» በዙሪያው ያሉት ሳቁ። አንዱ «ይሄማ የኑሮ ውድነት ነው» አለ። ልብስ ሰፊውም አብሮ ሳቀ። ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ወረቀት ተሰጠው። አጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

ወረቀቱ ወራት አልፎትም እዚያው ነበር።

ይህ የታወቀው ሲስተር አንድ ለቅሶ ላይ አግኝተውት ሲጠይቁት ነው። «ወረቀቱስ?» አሉት። ኮቱን ዳበሰና አሳያቸው። እሳቸው አልተቆጡትም። በዚያን ቀን ወረቀት የተሰጣቸውን ሌሎች ሰዎች ግን አንድ በአንድ መጠየቅ ጀመሩ። ብዙዎቹ አልሄዱም ነበር። አንዳንዱ ሕመም ስላልተሰማው ተወው። አንዳንዱ ሽፈራውና ነጭ ሽንኩርት ጀምሮ በዚያው ቀረ። አንዷ ስኳር እንዳለባት ቁጥሩ ሲነበብ የሰማች ጎረቤት ሰፈር ውስጥ አወራችባት፤ ከዚያ በኋላ ስለ ምርመራ መስማት አልፈለገችም። አንድ ነጋዴ ደግሞ «መሣሪያው የተበላሸ ነው፣ ሁሉንም ከፍ አድርጎ ነው ያነበበው» ብሎ ደመደመ።

ነጋዴው ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለት አይቻልም። ሲስተር የቀኑን አሠራር ሲያስረዱን ስህተቱ ብዙ ነበር። ሰዉ ቡና ጠጥቶ ወዲያው ተለክቷል። እያወራ፣ ቆሞ፣ በሹራቡ ላይ የተለካም አለ። ክንዱ ወፍራም ለሆነው ሰውና ለቀጭኑ ክንድ ላይ የሚታሰረው የግፊት መለኪያ መጠቅለያ አንድ ዓይነት ነበር፤ መጠቅለያው ሲጠብ ቁጥሩን ከእውነቱ ከፍ ያደርገዋል። ስኳር የተለካው ደግሞ ድፎ ዳቦው ከተበላ በኋላ ነው።

በእኔ እምነት ግን ትልቁ ጉድለት የአለካኩ አልነበረም። ወረቀቱን የያዘው ሰው ሰኞ ጠዋት የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ ባይሄድ ማን እንደሚጠይቀው አልተወሰነም ነበር።

ሁለተኛው ዙር

ሲስተር ኃላፊነቱን ሲረከቡ አንድ ነገር ጠየቁ። እሑዱን የምታዘጋጁት ሰኞውን ካዘጋጃችሁ ብቻ ነው አሉ። ኮሚቴው ተስማማ። ጤና ጣቢያ ሄደው ተነጋገሩ። ከእድሩ የሚላኩ ሰዎች ሰኞና ማክሰኞ ጠዋት እንዲታዩ ተስማሙ። የወረዳው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ሥራውን ተቀላቀለች። ቤት ለቤት መሄድ ሥራዋ ስለሆነ የማን በር የት እንደሆነ ታውቃለች።

አለካኩም ተለወጠ። ቡናው ከምርመራው በኋላ ሆነ። ድንኳኑ በመጋረጃ ለሁለት ተከፈለ። ሰው ገብቶ ወንበር ላይ ጀርባውን አስደግፎ ይቀመጣል፤ እግሩን አያነባብርም፤ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ያርፋል። ሹራብና ጋቢ ይወልቃል። ክንዱ በልቡ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ሁለት ጊዜ ይለካል። ሰፊ መጠቅለያም ተገዛ። ቁጥሩ አይነበብም፤ ተጽፎ ለባለቤቱ ብቻ ይሰጣል። መዝገቡ ሲስተር ዘንድ ይቀመጣል። የእድሩ ሊቀመንበር እንኳ አያየውም።

ስለ ስኳሩ የተደረገውን በጣም ወድጄዋለሁ። በጾም ሆድ የሚለካ ስኳር ቢያንስ 8 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ይፈልጋል። ሰውን በባዶ ሆዱ ና ማለት ከባድ ነው። ሲስተር ግን ብዙው ሰው ቅዳሴ እስኪያልቅ እህል እንደማይቀምስ አስታወሱ። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሳይበላ ይለካል። ሙስሊም አባሎቻችን ደግሞ ቁርስ ሳይበሉ እንዲመጡ ቀደም ብሎ ተነገራቸው። ዳቦው መውጫው ላይ ይጠብቃል።

ልብስ ሰፊው በዚህ ዙር ሲለካ 174 በ106 ሆነ። ከአምስት ደቂቃ እረፍት በኋላ ማለት ነው። አሁን መሣሪያው ነው የሚባልበት ምክንያት አልነበረም። ሲስተር እንዲህ አሉት፦ «ነገ 2 ሰዓት ጤና ጣቢያው በር ላይ እጠብቅሃለሁ። አንተ ካልመጣህ እኔ ሱቅህ እመጣለሁ።» ሄደ። ቆይቶ ሲነግረኝ፣ የሄደው ስለ ጤናው አስቦ እንዳልነበረ፣ አንዲት አዛውንት በር ላይ ቆመው እንዲጠብቁት ስላልፈለገ እንደሆነ ተናገረ። ይሉኝታም አንዳንዴ ያድናል።

በጤና ጣቢያ የተገኘው

ግፊቱ በዚያም ቀን ከፍ ብሎ ተገኘ። የሽንት ምርመራው ፕሮቲን አሳየ። ይህ ኩላሊቱ መጎዳት እንደጀመረ የሚጠቁም ምልክት ነው። የደም ምርመራው ግን ኩላሊቱ ሥራውን ገና በደንብ እየሠራ እንደሆነ ገለጸ። በጾም የተለካው ስኳር 118 ነበር። ስኳር በሽታ የሚባለው ከ126 ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ ገና አልደረሰም፣ ግን መንገዱ ላይ ነው። የልቡ ምርመራ ለሆስፒታል ተጽፎለት ሄደ፤ የሚያሰጋ ነገር አልታየም።

ሐኪሙ ግፊቱ ለዓመታት አብሮት ሳይኖር እንደማይቀር ነገረው። ልብስ ሰፊው ያን ጊዜ ነው የደነገጠው። ከኩላሊት እጥበት በኋላ ያረፈችው ሴት የቅርብ ጎረቤቱ ነበረች።

አምሎዲፒን የተባለ የግፊት መድኃኒት ታዘዘለት። ከዚያ የምግቡ ነገር መጣ። ጨው ቀንስ ሲባል ባለቤቱ «ወጥ ላይ እኮ ትንሽ ነው የማደርገው» አለች። ሲስተር ቤታቸው ሄደው አብረው ቆጠሩ። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። የሽሮ ዱቄቱም እንዲሁ። ከሱቅ የሚገዛው ማጣፈጫ ጨው አለው። ወጡ ሲወርድ ደግሞ ሌላ ጨው ይጨመራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ነው። ባለቤቱ በርበሬውንና ሽሮውን ያለ ጨው ማዘጋጀት ጀመረች፤ ማጣፈጫውን ተወችው። እሱም ታክሲውን ትቶ ከቤት እስከ መርካቶ በእግሩ መሄድ ያዘ።

ያልሠራው

ሁሉ ነገር ቀና አልሄደም።

ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ግፊቱ 138 በ86 ወረደ። ልብስ ሰፊው ዳንኩ ብሎ መድኃኒቱን አቆመ። ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ቁርጭምጭሚቱ ያብጥ ነበር። ይህ አምሎዲፒን አንዳንድ ሰው ላይ የሚያመጣው የታወቀ ነገር ነው። እሱ ግን ኩላሊቴ ነው ብሎ ፈራ፤ ፈርቶም ለማንም አልተናገረም። በእድሩ ወርሃዊ ስብሰባ ሲለካ 168 በ100 ሆኖ ተገኘ። ሲስተር ለምን አቆምክ ብለው አልጮኹበትም። «እስቲ እግርህን አሳየኝ» አሉት። በማግስቱ ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ቀንሶ ሌላ ጨመረበት። እብጠቱ ጎደለ። ግፊቱ አሁን 132 በ82 አካባቢ ነው፤ የሽንቱ ፕሮቲንም ቀንሷል። መድኃኒቱ ምናልባት የዕድሜ ልክ እንደሆነ ተነግሮት ተቀብሎታል።

የመድኃኒት አቅርቦት ሁለተኛው ችግር ነው። ልብስ ሰፊው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ነው፤ ምርመራውና ሕክምናው በዚያ ተሸፍኗል። መድኃኒቱ ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለቀበት ጊዜ ግን ነበር። ያን ጊዜ ከነማ ፋርማሲ ሄዶ በገንዘቡ ገዝቷል። እሱ መግዛት ቻለ። የማይችል አባል ቢሆን ክትትሉ እዚያ ይቋረጥ ነበር። እድሩ ለዚህ ጥቂት ገንዘብ መመደብ አለበት የሚል ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ ገና አልተወሰነም።

ሦስተኛው ከእድሩ ውጭ የተደረገ ነው፤ ግን ከዚሁ ጋር ስለሚያያዝ ልጨምረው። አንዲት አባላችን ዕድሜዋ 40ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ትሠራለች። የሰዎቹ ሞት ስላስፈራት ለብቻዋ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄዳ ሙሉ ቼክአፕ አደረገች። ብዙ ገንዘብ ከፈለች፣ ረጅም ዝርዝር ተመረመረች። አልትራሳውንዱ ኩላሊቷ ላይ ትንሽ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አሳየ። ምን ማለት እንደሆነ በቅጡ ያስረዳት አልነበረም። ለሳምንታት እንቅልፍ አጣች። ሌላ ቦታ ሄዳ አልትራሳውንዱን ደግማ ተነሳች። በመጨረሻ አንድ ሐኪም እንዲህ ያለው ከረጢት በብዙ ሰው ላይ እንደሚገኝና ጉዳት እንደሌለው ነገራት።

እኔን የቆረቆረኝ ግን ሌላ ነው። በዚያ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ አልነበረም። በአገራችን ይህ ምርመራ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይመከራል። በጤና ጣቢያ ይሰጣል፤ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ካንሰር ከመሆኑ በፊት የተገኘ ቁስል እዚያው ሊታከም ይችላል። ሲስተር ወስደው አስመረመሯት፤ ውጤቷ ጥሩ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሴቶችን ይዛ የምትሄደው እሷ ናት።

ከዚህ ምን ይወሰዳል

ኮክሬን የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግም ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታደሰው ግምገማው ከ250 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች መርምሯል። ጤነኛ ሰዎችን ጠርቶ አጠቃላይ ምርመራ ማድረግ የሞትን ቁጥር እምብዛም አይቀንስም የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሷል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። ጥናቶቹ ግን የተደረጉት በአውሮፓና በአሜሪካ ነው። እዚያ ብዙ ሰው ለጉንፋንም ሆነ ለሌላ ጉዳይ ሐኪሙ ዘንድ ሲሄድ ግፊቱ መለካቱ አይቀርም። እስከ 51 ዓመቱ ተለክቶ የማያውቅ ልብስ ሰፊ ላይ ውጤቱን እንዳለ መጫን ልክ አይመስለኝም። ቢሆንም ግምገማው የሚነግረን ቁም ነገር አለ፤ ምርመራ ስለበዛ ብቻ ጤና አይገኝም። የቢሮ ሠራተኛዋ ያየችው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ሌላ እድር፣ ማኅበር ወይም መሥሪያ ቤት ይህን ልሞክር ቢል፣ ጥቂት ነገር መርጦ በደንብ እንዲሠራ እመክራለሁ። ግፊት ለአዋቂ ሁሉ። ስኳር ዕድሜው ለገፋ፣ ክብደቱ ለጨመረ ወይም በቤተሰቡ ስኳር ላለበት። የማኅፀን በር ምርመራ ዕድሜያቸው ለደረሰ ሴቶች። ግፊቱ ወይም ስኳሩ ከፍ ብሎ የተገኘ ሰው ሽንቱና ኩላሊቱ ይታይ። የቀረውን ሐኪሙ እንደ ሰውየው ሁኔታ ይዘዝ።

ሰዉን ከመጥራታችሁ በፊት የሚላኩትን ማን እንደሚቀበል ተስማሙ። ምስጢር የሚጠብቅ አንድ ሰው ይኑር፤ ያ ሰው ስልክ ደውሎ፣ ቤት ሄዶ፣ «ሄድክ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ይሁን። የእድር ሰብሳቢ ለዚህ አይሆንም፤ መዋጮ ከሚሰበስብ ሰው ፊት በሽታውን መናገር የሚፈልግ የለም። ባለቤትም ትሳተፍ፤ ወጡ ውስጥ ያለውን ጨው የምታውቀው እሷ ናት። መድኃኒት የጀመረ ሰው ሲያቆም ደግሞ ምክንያት አለው። ምክንያቱን መጠየቅ ከመቆጣት ይበልጣል።

አሁን ያለበት

ምርመራው በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲሆን ተወስኗል። ግፊት ግን በየወሩ ስብሰባ ላይ ለፈለገ ሁሉ ይለካል። ስለ ስኳሯ የተወራባት ሴት እስካሁን አልተመለሰችም። ሲስተር ሊያናግሯት ሁለት ጊዜ ሞክረዋል፤ አሁንም ተስፋ አልቆረጡም።

የቀሩት ወጣት ወንዶች ናቸው። ሱቅ ውስጥ የሚውሉት፣ ሹፌሮቹ፣ ተሸካሚዎቹ እሑድ ጠዋት አይመጡም። ልብስ ሰፊው እነሱ የሚሠሩበት ድረስ እንሂድ የሚል ሐሳብ አመጣ። መርካቶ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ፣ በእሱ ሱቅ ውስጥ እንዲለኩ ይፈልጋል። ወንበርና ጠረጴዛ አለው፤ ልብስ መለኪያ መጋረጃም አለው። ባለሙያ እንዲመደብ ለጤና ጣቢያው ደብዳቤ ገብቷል፤ መልሱ እየተጠበቀ ነው።